በገጠር ትምህርት ቤት ግብርናን በተግባር ማስተማር፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ላሉ መምህራን ከመስከረም እስከ ሰኔ የሚያገለግል ዝርዝር መመሪያ

ከሰንዳፋ እስከ ሆለታ፣ ከሱሉልታ እስከ አቃቂና ዱከም ባሉ ትምህርት ቤቶች የሚጀመሩ የተማሪ ማሳዎች በአብዛኛው በአንድ ዓይነት መንገድ ይከስማሉ። መስከረም ላይ አፈሩ እርጥብ፣ ተማሪውም ጉጉ ስለሆነ ሰፊ መሬት ይቆፈራል፣ ያገኙት ዘር ሁሉ ይዘራል። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ያበቃል፤ ኅዳር ላይ ውርጭ ይወርዳል፤ ታኅሣሥ ላይ ውሃ የሚያጠጣ ይጠፋል፤ ጥር ላይ ተማሪው የመንፈቀ ዓመት ፈተና ሲቀመጥ ማሳው የፍየል መዋያ ይሆናል።

መንስኤው የመምህሩ ስንፍና አይደለም። ዋናው የእርሻ ወቅት ክረምት ነው፤ ትምህርት ቤት ደግሞ የሚዘጋው በክረምት ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤት ማሳ የገበሬውን ማሳ አሳንሶ ሊቀዳ አይችልም። በሚገኘው ውሃ ልክ የተመጠነ፣ ተማሪው ባለበት ወራት ተዘርቶ የሚደርስ፣ እያንዳንዱ መደብም ለአንድ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ መሆን አለበት። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የተቀመጡት በሥራው ቅደም ተከተል ነው፤ በተለይ ከደረጃ 1 እስከ 3 ያሉትን ሳትፈጽሙ ዶማ አታንሡ።

ደረጃ 1፦ ከመቆፈር በፊት ውሃውን ቁጠሩ

በዚህ ደጋ በበጋ ወራት አንድ ካሬ ሜትር የአትክልት መደብ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። 1 ሜትር ወርድና 5 ሜትር ርዝመት ያለው መደብ እንግዲህ በቀን ከ20 እስከ 25 ሊትር፣ ማለትም አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ጥቂት ጭማሪ ይጠጣል። የማሳችሁን ስፋት የሚወስነው ያላችሁ መሬት ሳይሆን ይህ ቁጥር ነው።

ስሌቱን ለተማሪዎቹ የመጀመሪያ ትምህርት አድርጉት። በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት አምስት ተማሪዎች መድቡና ከቧንቧው፣ ከጉድጓዱ ወይም ከሮቶው ለማሳ ሊተርፍ የሚችለውን ውሃ በጀሪካን እየለኩ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ እንዲመዘግቡ አድርጉ። ውሃው በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ውሃ ያልመጣባቸውን ቀናትም ዜሮ ብለው ይጻፉ። ከዚያም የሳምንቱን ድምር ለሰባት አካፍሉ፤ የተገኘው ውጤት 6 ጀሪካን ከሆነ 5 መደብ ብቻ አዘጋጁ። የቀረውን ጀሪካን ለጭማሪውና ለመጠባበቂያ ተዉት፤ ቧንቧ ይበላሻል፣ ጀሪካን ይቀደዳል።

የቆርቆሮ ጣሪያ ካላችሁ አሸንዳ አሠርታችሁ ሮቶ አስቀምጡ። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ስለሚሰጥ፣ 100 ካሬ ሜትር ያለው የመማሪያ ክፍል ጣሪያ 10 ሚሊ ሜትር በጣለ ቀን 1,000 ሊትር ያህል ይሰጣል፤ የሚፈሰውና የሚተነው ሲቀነስ 800 ብላችሁ አስቡት። ይህ ውሃ በጋውን ሁሉ አያደርስም፤ ነገር ግን የችግኝ መደብን ለብዙ ሳምንታት ያቆያል።

ማስጠንቀቂያ። የአቃቂን ወንዝ ወይም ከፋብሪካ፣ ከመኪና ማጠቢያና ከመጸዳጃ ፍሳሽ የሚቀላቀልበትን ማንኛውንም ወንዝ ለተማሪ ማሳ አትጠቀሙ። ጎረቤት ገበሬዎች ሰላጣና ጎመን እያለሙበት ቢሆንም እንኳ ተማሪ እጁን ወደዚያ ውሃ እንዲያስገባ ማድረግ አይገባም።

ውሃው ለሁለት መደብ እንኳ ካልበቃ ተስፋ አትቁረጡ፤ በሁለት መደብም ሙሉ ዓመት ማስተማር ይቻላል። አፈራችሁ ጥቁር ከሆነ ደግሞ በደረጃ 4 የተገለጸው ሽምብራ ያለ መስኖ ይደርስላችኋል።

ደረጃ 2፦ ቦታውን ምረጡ፣ አፈሩን ከተማሪዎቹ ጋር መርምሩ

ከባሕር ዛፍ ራቁ። ግቢው በባሕር ዛፍ የታጠረ ከሆነ መደቡን ከዛፉ ቢያንስ 15 ሜትር አርቁት፤ ሥሩ ውሃውን እየቀደመ ስለሚወስድ የምታጠጡት ለዛፉ ይሆናል። ከመጸዳጃ ቤት በታች ባለው ቁልቁለት ላይም አትሥሩ። ከሁሉም በፊት አጥሩን ጨርሱ። በግ፣ ፍየልና ዶሮ የማይገቡበት አጥር ከሌለ ዘር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ለአፈር ምርመራው ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ባለ 1 ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛውን በአፈር ሙሉ፣ ውሃ ጨምሩ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ በኃይል አናውጡና አስቀምጡት። አሸዋው በደቂቃዎች ውስጥ ይዘቅጣል፤ ደለሉ ሰዓታት ይፈጃል፤ ሸክላው እስከ ማግሥቱ ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል። ተማሪዎቹ በማግሥቱ እያንዳንዱን ንጣፍ በማስመሪያ ለክተው በመቶኛ ያስሉ። እነዚህ ልጆች ጥቁሩን ኮቲቻ ከቀዩ አፈር ለይተው የሚያውቁት ከእናንተ በፊት ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ እነሱን ጠይቁ፣ ከዚያ ጠርሙሱ የተናገሩትን ያረጋግጥ።

አፈሩ ጥቁር ከሆነ ውሃ ያቁራል፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። መደቡን 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ፤ በጎኑ ማፋሰሻ ቦይ አውጡ። በእግር ላይ የሚለጠፍ እርጥብ ሆኖ ሳለ አትቆፍሩት፤ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል። አፈሩ ቀይ ከሆነ፣ በተለይ በሆለታና በወልመራ አካባቢ፣ ብዙ ጊዜ አሲዳማ ነው። ዘሩ በቅሎ ቅጠሉ እየገረጣ ያለ ዕድገት ከቆመ በግምት ኖራ አትበትኑ፤ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል አፈሩን አስመርምራችሁ በታዘዘላችሁ መጠን ብቻ ጨምሩ።

ደረጃ 3፦ ኮምፖስቱን መስከረም ላይ ጀምሩ

መስከረም አረምና ለምለም ቅጠል የሚትረፈረፍበት ወር ስለሆነ አታሳልፉት። ከጥላ ሥር 1.5 ሜትር ወርድ ያለው ቦታ ምረጡ። ከታች ደረቅ ሣር ወይም ገለባ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በላዩ ዘር ያልቋጠረ እርጥብ አረምና ቅጠል በዚያው ልክ፣ ከዚያ ስስ የእበት ንጣፍ፣ ከዚያ አንድ እፍኝ አመድና ጥቂት አፈር አድርጉ፤ እያንዳንዱን ንጣፍ በውሃ እያርከፈከፋችሁ ቁልሉ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር እስኪደርስ ድገሙት። በመጨረሻ በሣር ሸፍኑት። በከተማው ዙሪያ እበት ኩበት ሆኖ የሚሸጥ የቤተሰብ ገቢ ስለሆነ ከወላጆች በነፃ ይመጣል ብላችሁ አታቅዱ፤ አስቀድማችሁ በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ተነጋገሩበት።

በቁልሉ መሐል ረጅም በትር ሰክታችሁ በየሳምንቱ አውጡትና ተማሪዎቹ ይዳስሱት። ሞቅ ያለና እርጥብ ከሆነ ሥራው በመልካም ሁኔታ ላይ ነው። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውሃ አጠጡት። ከሸተተ ውሃ በዝቶበታልና ደረቅ ገለባ እየጨመራችሁ ገልብጡት። በየሦስት ሳምንቱ ካገላበጣችሁት ጥር ላይ፣ በደረጃ 4 ለተገለጸው ሁለተኛ ዙር ዘር ይደርሳል። ለመጀመሪያው ዙር ግን ስለማይደርስ ከአካባቢው ያረጀ ፍግ ፈልጉ። ትኩስ እበት በጥሬው በሚበላ አትክልት ላይ ፈጽሞ አታድርጉ።

ደረጃ 4፦ ሰብሉን በትምህርት ዘመኑ ልክ ምረጡ

ዓመቱን በሁለት ዙር ክፈሉት። የመጀመሪያው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥር፣ ሁለተኛው ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው። በእያንዳንዱ ዙር ከሦስት ሰብል በላይ አትዝሩ።

ለመጀመሪያው ዙር ቆስጣ፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን ይሻላሉ፤ ሦስቱም ቀላል ውርጭ ይቋቋማሉ። ቆስጣ በሁለት ወር ገደማ ቅጠሉ መነቀል ስለሚጀምርና እየታደሰ ስለሚሰጥ ትዕግሥት ለሌላቸው ለታናናሽ ክፍሎች ስጡት። ካሮት ከሦስት ወር እስከ ሦስት ወር ተኩል፣ ጥቅል ጎመን ችግኙ ከተዛወረ በኋላ ሦስት ወር ያህል ይፈጃሉ። ድንችን፣ ቲማቲምንና ፎሶሊያን በኅዳርና በታኅሣሥ አታስቡ፤ ውርጭ በአንድ ሌሊት ይጨርሳቸዋል። ድንች ለየካቲት ይቆይ።

በአቃቂ፣ በገላንና በዱከም ጥቁር አፈር ላይ ያሉ መምህራን አንድ ትልቅ ዕድል አላቸው፤ እሱም ሽምብራ ነው። ሽምብራ ክረምቱ አፈሩ ውስጥ ባስቀረው እርጥበት ስለሚያድግ ከትምህርት ዘመኑ ጋር በደንብ የሚገጥም የአካባቢው የማሳ ሰብል ነው። በመስከረም አጋማሽ፣ በመስመሮች መካከል 30፣ በተክሎች መካከል 10 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ በ5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ዝሩት። አትዘግዩ፤ መሬቱ መሰንጠቅ ከጀመረ በኋላ የተዘራ ሽምብራ አይበቅልም። ኅዳር ላይ አንድ ተክል በአካፋ ከነአፈሩ በጥንቃቄ አውጡ፣ ሥሩን በውሃ አጥባችሁ በላዩ ያሉትን ትናንሽ እባጮች አሳዩ፤ አንዱን በጥፍር ስትሰነጥቁት ውስጡ ሮዝ ከሆነ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ከአየር እየያዙ ነው። ገበሬው ከሽምብራ በኋላ ጤፍ ወይም ስንዴ የሚዘራበትን ምክንያት ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ሥዕል አላውቅም። እሸቱ ሲደርስ መነቀሉ አይቀርም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው በአጥሩ በኩል ያለውን አንድ መስመር ለእሸት መድቡና ሌላው እንዳይነካ ከተማሪዎቹ ጋር ተስማሙ።

ደረጃ 5፦ ዘሩን ሳትፈትሹ አትዝሩ

ከሱቅ የተገዛም ሆነ ከወላጅ የመጣ ዘር 100 ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ደርድሩ፣ ጠቅልሉት፣ ሳህን ላይ አድርጋችሁ ሞቅ ባለ ቦታ አኑሩት። ጨርቁ እንዳይደርቅ በየቀኑ አርጥቡት። በ10 ቀን ውስጥ 80ና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ ጥሩ ነው። ከ50 እስከ 80 ከሆነ አጠጋግታችሁ ዝሩ። ከ50 በታች ከሆነ ተዉት። ካሮት በተፈጥሮው ከሌሎቹ ያነሰ ስለሚበቅል 65 ቢሆን አትጣሉት። በእሽጉ ላይ የተጻፈውን የአገልግሎት ጊዜ ተመልከቱ፤ ያለፈበት የካሮትና የሽንኩርት ዘር ቶሎ ይሞታል።

ደረጃ 6፦ መደቡን ሥሩ

ሜትር፣ ሲባጎና ችካል ይዛችሁ ውጡ። ወርዱን ከ1 ሜትር አታሳልፉ፤ ለታናናሽ ልጆች 80 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፣ ምክንያቱም ሳይረግጡት ከሁለቱም ጎን መሐሉን መንካት አለባቸው። በመደቦች መካከል 50 ሴንቲ ሜትር መተላለፊያ ተዉ። 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍሩ፣ ሥርና ድንጋይ ልቀሙ፣ ለ5 ካሬ ሜትር ሁለት የእጅ ጋሪ ያረጀ ፍግ ቀላቅሉ፣ ጓሉን ከስክሳችሁ አስተካክሉ።

በዶማ የሚቆፍሩ ተማሪዎች በመካከላቸው ከ2 ሜትር ያላነሰ ርቀት ይኑር፤ ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ ያድርጉ። ዶማውን ከትከሻ በላይ ማንሣት ክልክል ይሁን። ባዶ እግሩን የመጣ ተማሪ አይቆፍር፤ ለእሱ የመለካትና የመመዝገብ ሥራ ስጡት። የተቆረጠ ካለ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ አጥባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት፤ በአፈርና በእበት የተበከለ ቁስል ለመንጋጋ ቆልፍ ያጋልጣል።

የማሳ ሥራን ቅጣት አታድርጉት። ያረፈደውን ተማሪ አረም እንዲያርም የላከ መምህር፣ በሚቀጥለው ቀን ግብርና የተከበረ ሙያ ነው ቢል የሚያምነው አያገኝም።

ደረጃ 7፦ 60 ተማሪ ይዛችሁ እንዴት ትወጣላችሁ?

ክፍሉን ሙሉ በአንድ ጊዜ አታውጡ። ግማሹ በክፍል ውስጥ ስሌት ወይም ሥዕል እየሠራ ግማሹ ይውጣ፤ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይቀያየሩ። ከተቻለ ርእሰ መምህሩን ጠይቃችሁ ሁለት ክፍለ ጊዜ አጋጥሙ፤ 40 ደቂቃ ለመውጣት፣ ለመሥራትና እጅ ለመታጠብ አይበቃም።

ለእያንዳንዱ መደብ ከ5 እስከ 6 ተማሪ መድቡና በመደቡ ራስ ላይ የቡድኑን ስም ጻፉ። በየቡድኑ ውሃ ቀጂ፣ አራሚ፣ ለኪ፣ መዝጋቢና የመሣሪያ ኃላፊ ይኑር፤ ሥራው በየሁለት ሳምንቱ ይዙር። ካልዞረ ሴቶቹ ውሃ ቀጂ፣ ወንዶቹ ለኪ ሆነው ይቀራሉ። ይህን በዓይናችሁ ተከታተሉ።

ደረጃ 8፦ መዝራትና ማዛወር

ካሮት የብዙ መምህራን መሰናክል ነው። ችግኙ አይዛወርም፤ በቀጥታ መደቡ ላይ ይዘራል። በእንጨት በየ20 ሴንቲ ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው መስመር አውጡ፣ ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ አሳስታችሁ ዝሩ፣ በስሱ አልብሱ፣ በማጠጫ በቀስታ አጠጡ፣ ሣር አልብሱ። በዚህ ቅዝቃዜ ለመብቀል ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል በሳምንቱ ተስፋ ቆርጣችሁ አትገልብጡት። በእነዚህ ቀናት የላዩ አፈር አንድ ቀን እንኳ መድረቅ የለበትም። ብቅ ማለት ሲጀምር ሣሩን ማታ አንሡ፤ የቆየ ሣር ቡቃያውን ያቀጥናል። ከወር በኋላ በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት አሳሱት። ልጆች የበቀለ ተክል መንቀል ያሳዝናቸዋል፤ ስለዚህ ግማሽ ሜትር ሳይሳሳ ተዉና ሁለቱን በምርት ጊዜ እንዲያነጻጽሩ አድርጉ።

ጥቅል ጎመንን በችግኝ መደብ ላይ በመስመር ዝሩ፤ 5 ሳምንት ገደማ ሲሆነውና 4 ወይም 5 እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ አዛውሩ። ከዚያ በፊት ለአንድ ሳምንት ውሃውን ቀንሱለት። ቡቃያው ከአንገቱ ቀጥኖ እየወደቀ ከሞተ ውሃ በዝቶበታል ወይም ተጨናንቋል፤ ጠዋት ብቻ አጠጡ፣ ጥላውን ቀንሱ፣ የሞተውን ለቅማችሁ ከመደቡ አርቁ። ማዛወሩ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲበርድ ይሁን። በመስመሮች መካከል 50፣ በተክሎች መካከል 40 ሴንቲ ሜትር አድርጉ፤ 5 ሜትር በሆነ መደብ ላይ በሁለት መስመር 24 ችግኝ ይገባል። ይህን ስሌት ከመትከላቸው በፊት ራሳቸው ይሥሩት።

ደረጃ 9፦ መደቡን ጥያቄ አስጠይቁት

ማሳ ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ ግብርና ያስተምራል ማለት አይደለም፤ ያለ ንጽጽር የተሠራ መደብ የቀን ሥራ ነው። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ መደቦች ውሰዱና በአንድ ነገር ብቻ እንዲለያዩ አድርጉ፦ አንዱ በገለባ ተጎዝጉዞ ሌላው ባዶ፤ ወይም አንዱ ኮምፖስት አግኝቶ ሌላው ሳያገኝ። ሰብሉ፣ የተዘራበት ቀን፣ የውሃው መጠን፣ ርቀቱ አንድ ይሁን። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከለወጣችሁ የትኛው እንዳመጣው ማወቅ አይቻልም፤ ተማሪው ይህን አንድ ሐሳብ ይዞ ከወጣ ዓመቱ አልባከነም።

ከመሥራታቸው በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ግምቱን በደብተሩ ይጻፍ። በየመደቡ 10 ተክል በክር ምልክት አድርጉና በየሳምንቱ በአንድ ቀን ቁመቱን በሴንቲ ሜትር፣ የቅጠሉን ብዛት፣ ያጠጡትን ጀሪካን ይመዝግቡ። መዝገቡ ከእውነቱ ይልቅ መምህሩን ለማስደሰት እየተጻፈ መሆኑን ከጠረጠራችሁ፣ ልኬቱን በሌላ ቡድን አስደግሙ። ኮምፖስት ያገኘው መደብ ካላገኘው ካነሰም ውጤቱን አታርሙ፤ በስንት ቀን እንደተብላላ፣ ውሃው እኩል መድረሱን ተማሪዎቹ ይመርምሩ።

ደረጃ 10፦ ከታኅሣሥ እስከ ጥር ማሳውን ጠብቁ

ማሳው የሚሞተው በበዓላት ነው። ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለመንፈቀ ዓመት ዕረፍትና ለየቅዳሜና እሑዱ የውሃ ተረኞችን ስም ከኅዳር ጀምሮ በር ላይ ለጥፉ፤ ለትምህርት ቤቱ ቅርብ የሆኑትን ምረጡ፤ ወላጆቻቸውን አስፈቅዱ፤ ለጥበቃውም ንገሩት። ሁሉም ከቀሩ መደቡን ወፍራም ጉዝጓዝ አልብሳችሁ በረዥሙ አጠጡ፤ ሦስት አራት ቀን ይቆያል።

ሰማዩ ጥርት ያለና ነፋስ የሌለው ምሽት የውርጭ ምልክት ነው። ከቀትር በኋላ አጠጡ፣ ማታ በገለባ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኑ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ግለጡ። ቅጠሉ ጠቁሮ ካገኛችሁት ወዲያው አትንቀሉት፤ ከአራት ቀን በኋላ ከመሐሉ አዲስ ቅጠል ካወጣ ይተርፋል።

ችግኝ ከአንገቱ ተቆርጦ ከወደቀ ሥራው የቆራጭ ትል ነው፤ በዙሪያው ያለውን አፈር በጣት ጫሩና አውጡት፣ ሌሎቹን ችግኞች በተቆረጠ የፕላስቲክ ኩባያ ክበቡ። በጎመን ቅጠል ሥር ክሽክሽ ከታየ ቅጠሉን በውሃ እጠቡ፣ ካልጠፋ በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ እርጩ። ፀረ ተባይ መድኃኒት በተማሪ እጅ አይግባ፤ ባዶ ዕቃውም በትምህርት ቤት አይገኝ። ነገሩ ከአቅም በላይ ከሆነ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጥሩና ለተማሪዎቹም እንዲያስረዳ ጠይቁት።

ደረጃ 11፦ ምርቱን መዝኑ፣ ነጥቡን ስጡ፣ ለክረምቱ አስረክቡ

ምርቱ ለማን እንደሚሆን ከመዘራቱ በፊት በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፦ ምን ያህሉ ለተማሪዎቹ፣ ምን ያህሉ የምገባ ፕሮግራም ካለ ለወጥ ቤቱ፣ ምን ያህሉ ተሽጦ ለዘር መግዣ እንደሚሆን። ያለ ስምምነት የተሰበሰበ ምርት ሁልጊዜ ቅሬታ ያስነሣል። የእያንዳንዱን መደብ ምርት ለየብቻ በሚዛን መዝኑ፣ በካሬ ሜትር አካፍሉ፣ በሰሌዳ ላይ ጻፉ። ነጥቡን ግን በምርቱ ብዛት አትስጡ፤ ውርጭ የበላበት ቡድን መዝገቡን ሳያቋርጥ ከያዘና የጠፋበትን ምክንያት ካስረዳ ሙሉ ነጥብ ይገባዋል።

በሰኔ፣ ከማጠቃለያው ፈተና ሁለት ሳምንት በፊት፣ የቀረውን ንቀሉና ወደ ኮምፖስቱ ጨምሩ። ማፋሰሻ ቦዮቹን ጥረጉ፤ መደቡን በገለባ አልብሱ። መሣሪያውን አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ቆጥራችሁ ለዕቃ ግምጃ ቤት በፊርማ አስረክቡ። የተረፈውን ዘር በጠርሙስ ከድናችሁ፣ የሰብሉን ስምና የተገዛበትን ወር ጽፋችሁ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩ፤ የተማሪዎቹን መዝገብ ደግሞ በቀጣዩ መስከረም ክፍሉን ለሚረከበው መምህር በእጁ ስጡ።